«ሼን»፦ አልሸጥም ያለው ጎረቤት

የዚህ ወር የቤተሰብ ፊልማችን የቆየ ነው። ጆርጅ ስቲቨንስ ያዘጋጀው «ሼን» የተባለው የካውቦይ ፊልም ለዕይታ የበቃው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በዋዮሚንግ ነው። በ1862 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ መሬት ይዞ አምስት ዓመት ለኖረና ላለማ ሰው ባለቤትነት ይሰጥ ነበር። ጆ ስታሬትና ጎረቤቶቹ እንዲህ ሰፍረዋል። ከብት አርቢው ራይከር ግን ሸለቆውን በሙሉ ይፈልገዋል።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ከተኩሱ ይልቅ የሳበኝ ድርድሩ ነው። ራይከር ለስታሬት ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ያቀርብለታል፤ ከብቶችህንም ከእኔ ጋር አሰማራ ይለዋል። አጠገቡ ግን ቅጥር ገዳዩ ዊልሰን አለ። እምቢ ማለት የሚያስገድል ከሆነ ያ ግብይት አይደለም።

ራይከር አገሩን ያቀናሁት ደሜን አፍስሼ ነው ሲል፣ ስታሬት ካንተ በፊትም ሰው ነበር ይለዋል። መሬቱ የተወሰደባቸውን ነባር ሕዝቦች መብት ግን ሁለቱም አያነሱም።

የምወደው ትዕይንት ቀብሩ ነው። ሰፋሪዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሊበተኑ ሲሉ የአንዱ ቤት ሲቃጠል ያያሉ፤ ተያይዘው ሊያጠፉ ይሮጣሉ።

ግድያ ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ከፍ ካሉት ጋር ግን እዩትና ጠይቋቸው፦ ቀድሞ የመጣ ሰው ሁሉን ለብቻው የመያዝ መብት አለው?