በሰው አገር የበሰሉ የቴኒስ ሰዎች

በ2025 ዓ.ም. በሐምሌ ወር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጁሊያን ካሽና ሎይድ ግላስፑል የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ተወላጆች የዊምብልደንን የወንዶች ጥንድ ዋንጫ ባነሡ ጊዜ፣ ጋዜጦቹ በአንድ ድምፅ ያወሱት ነገር ቢኖር ከ1936 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይኸውም ከፓት ሂዩዝና ከሬይመንድ ተኪ ዘመን ወዲህ፣ ሁለቱም ብሪታንያውያን የሆኑ ጥንዶች በዚያ ሣር ላይ ድል አድርገው የማያውቁ መሆናቸውን ነበር። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ረጅም ዘመን ነውና መደነቃቸው አያስነቅፍም። እኔ ግን ዐይኔን የጣልሁት ከዚያ ይልቅ ባለድሎቹ በመጡበት መንገድ ላይ ነው። ካሽ በኦክላሆማ ስቴት፣ ግላስፑል በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስም ተሰልፈው የተጫወቱ ናቸው፤ ከመረቡ ማዶ ከቆሙት ተሸናፊዎች አንዱ፣ አውስትራሊያዊው ሪንኪ ሂጂካታም፣ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው። እንግዲህ የእንግሊዝ ነገሥታትና መኳንንት በሚታደሙበት በዚያ ጥንታዊ ሜዳ ላይ በዚያ ቀን ከተሰለፉት አራት ሰዎች መካከል ሦስቱ የአሜሪካ ኮሌጅ ልጆች ነበሩ።

ነገሩ የአንድ ቀን አጋጣሚ እንዳይመስል የቀሩትንም ላንሣ። ከአሜሪካዊው ከራጂቭ ራም ጋር ሆኖ የአሜሪካን ታላቅ ሻምፒዮና ከ2021 እስከ 2023 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ጆ ሳልስበሪ በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2023 ዓ.ም. የዊምብልደንን የጥንድ ዋንጫ የወሰደው የሊቨርፑሉ ልጅ ኒል ስኩፕስኪ በሉዊዚያና ስቴት፣ በማግሥቱ ዓመት ያንኑ ዋንጫ የተረከበው ሄንሪ ፓተን ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል ባለችው በአሽቪል ተምረው የወጡ ናቸው። የፓተን ነገር በተለይ ያስገርማል፤ ይህ ሰው ባለዋንጫ ከመሆኑ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በዚያው በዊምብልደን በሜዳው ዳር ተቀምጦ የሌሎችን ተጫዋቾች ምት እየቈጠረ የሚመዘግብ ተቀጣሪ ነበር።

ታዲያ የቴኒስን ሕግና ሥርዓት ለዓለም የሰጠች አገር ልጆቿን ለማሳደግ ስለምን ውቅያኖስ ማሻገር አስፈለጋት? በገንዘብ እጦት ነው እንዳይባል፣ ዊምብልደን በየዓመቱ ከሚያተርፈው ሀብት አብዛኛው፣ ከአርባ ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጠው፣ ለአገሪቱ የቴኒስ ማኅበር ገቢ ይሆናል። በሜዳ እጦት ነው እንዳይባልም፣ ሎንዶን ውስጥ በሮሃምፕተን የተሠራው ማሠልጠኛ ብዙ አገሮች የሚቀኑበት ነው። ጕድለቱ የታየኝ በምርጫው ሥርዓት ላይ ነው። የዘመናችን ቴኒስ ሕፃኑን ገና ጥርሱን ሳይጨርስ ለይቶ፣ ከትምህርት ቤትና ከእኩዮቹ ነጥሎ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ታላቅ ሰው ካልሆነ ባከነ ብሎ የሚፈርድ ጨዋታ ሆኗል። አንዲ መሪ ራሱ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ከስኮትላንድ ወጥቶ ባርሴሎና ሄዶ ነው የተሠለጠነው፤ እርሱ በለስ ቀናው፤ በዚያው መንገድ ሄደው ስማቸው ያልተሰማውን ግን ማንም አይቈጥራቸውም። አንድ ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቁመቱ ገና ያልጸና፣ ልቡም ገና ያልረጋ ከሆነ፣ በትውልድ አገሩ የሚቀርብለት ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ራኬቱን ሰቅሎ ወደ ትምህርቱ መግባት፣ ወይ መጻሕፍቱን ዘግቶ ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ ለስንቅ እንኳ የማይበቃ ሽልማት ፍለጋ ብቻውን መንከራተት።

ብቻውን ያልሁት በምክንያት ነው። ቴኒስ በባሕርዩ የባሕታውያን ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ከጎኑ የሚቆም የለውም፤ በማያውቀው አገር በርካሽ ማደሪያ አድሮ፣ በማለዳ ተሸንፎ፣ ጓዙን ሸክፎ ይሄዳል። ስለ ምንኵስና የሚናገሩ መጻሕፍቶቻችን ሁለት መንገዶችን ያሳዩናል፤ አንዱ የአባ እንጦንስ የብሕትውና መንገድ፣ ሁለተኛው የአባ ጳኩሚስ የማኅበር መንገድ ነው። አበውም ወጣኒውን ወዲያው ወደ በረሓ አይሰዱትም፤ አስቀድሞ በማኅበር መካከል ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ለአረጋውያን እየታዘዘ ይፈተናል፤ ብቻውን ሊኖር የሚፈቀድለት ከሰው ጋር መኖርን ፈጽሞ ሲማር ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ሳያስቡት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለባሕታዊው ጨዋታ የማኅበር ቤት ሠሩለት።

ሥርዓቱን ላላየ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ሁለት ኮሌጆች ሲገናኙ በመጀመሪያ ሦስት የጥንድ ጨዋታዎች በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፈ ቡድን አንድ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ስድስት የነጠላ ጨዋታዎች ይከተላሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጥብ አላቸው፤ አስቀድሞ አራት ነጥብ የሞላ ቡድን ባለድል ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የቡድኑ ስድስተኛ ተጫዋች፣ በሌላ ስፍራ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ልጅ፣ ውጤቱ ሦስት ለሦስት ሆኖ ሲገኝ የማኅበሩ ሁሉ ዕጣ በእጁ ላይ ይወድቃል። በጨዋታው ውስጥ አርባ ለአርባ ሲደረስም እንደ ወትሮው የሁለት ነጥብ ብልጫ አይጠበቅም፤ የሚቀጥለው አንድ ምት ይቈርጠዋል። በዊምብልደን ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲመለከት፣ በቴክሳስ ወይም በጆርጂያ ግን ተማሪው ይጮኻል፣ ይዘምራል፣ ባላጋራውን በስሙ እየጠራ ይቀልዳል። በዚህ ጩኸት መካከል ሦስትና አራት ዓመት የተፈተነ ሰው በኋላ ምን ያስደነግጠዋል?

ካሜረን ኖሪ ለዚህ ሁነኛ ምስክር ነው። ጆሃንስበርግ ተወልዶ ኦክላንድ ያደገው፣ አባቱ ስኮትላንዳዊ እናቱ የዌልስ ሰው የሆኑት ይህ ልጅ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሎንዶን ገብቶ ሲታይ ከእኩዮቹ መካከል እንደ ተአምር የሚነገርለት አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ፎርት ዎርዝ ወደሚገኘው የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ገባ። መጀመሪያ ላይ እንደ ብዙ ተማሪ ሌሊቱን የሚወድ ወጣት ነበር፤ አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ሲመለስ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ከውድድር እስከ መቅረት ደርሶ ነበር። አሠልጣኙ ዴቪድ ሮዲቲና የቡድኑ ጓደኞች ባሉበት ማኅበር ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ስንፍና ብቻውን በሚኖር ሰው ላይ እንደሚሆነው ሳይታይ አይቀርም፤ አንዱ ሲያጠፋ ስድስቱ ይጐዳሉና። በ2017 ዓ.ም. በመላው የአሜሪካ ኮሌጆች አንደኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በማግሥቱ ዓመት በየካቲት፣ ማርቤላ ላይ ዴቪስ ካፕ በሚባለው የአገሮች የቡድን ውድድር በመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ፣ በስፔናውያን ምድር፣ በሸክላ ሜዳ፣ ሁለቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጨዋታዎች ተሸንፎ ሳለ ሮቤርቶ ባውቲስታ አጉትን በአምስተኛው ክፍለ ጨዋታ ረታው። በ2021 ዓ.ም. የኢንድያን ዌልስን ታላቅ ውድድር በነጠላ በማሸነፍ ከብሪታንያ ሰዎች የመጀመሪያው ሆነ፤ በ2022 ዓ.ም. የዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በጆኮቪች ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በዓለም ስምንተኛ ሆነ። እነዚያን ድሎች ሲያገኝ ያሠለጥነው የነበረው አርጀንቲናዊው ፋኩንዶ ሉጎኔስ ሌላ ሳይሆን በፎርት ዎርዝ አብሮት በአንድ ቡድን ሲጫወት የነበረ የኮሌጅ ጓደኛው ነው።

ፖል ጀብ ደግሞ ከኸል ከተማ የመጣ፣ አያቱ ያሳደጉት ልጅ ነው። ቴኒስ በብሪታንያ የባለጸጋ ልጆች ጨዋታ ነው የሚለው ሐሜት መሠረት ያለው ስለ ሆነ፣ የእንዲህ ያለው ልጅ መንገድ የት ላይ ሊቋረጥ ይችል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የደቡብ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ግን ተቀበለው፣ አስተማረው፣ አበላው፤ እርሱም በ2019 ዓ.ም. ኦርላንዶ ላይ ኑኖ ቦርገስን አሸንፎ የአሜሪካ ኮሌጆችን የወንዶች ነጠላ ዋንጫ ከወገኖቹ ሁሉ አስቀድሞ ወሰደ። የኤድንበራው ጄከብ ፈርንሊ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ በ2024 ዓ.ም. በግንቦት የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ የቡድን ዋንጫ ሲያነሣ ከተሰላፊዎቹ አንዱ እርሱ ነበር፤ በወሩ ኖቲንግሃም ላይ፣ በዓለም ደረጃ ከ500ኛ ወዲያ ሳለ፣ ቻለንጀር ከሚባሉት የሁለተኛ እርከን ውድድሮች አንዱን አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ያገኘው ቻርልስ ብሩም ራሱ በዳርትመዝና በቤይለር የተማረ ብሪታንያዊ ነው። በዚያው ሐምሌ በዊምብልደን ከጆኮቪች አንድ ክፍለ ጨዋታ ነጠቀ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከመቶዎቹ መካከል ገባ። እንዲህ ያለው ፈጣን ዕርገት ከሰማይ የወረደ የሚመስለው አምስቱን የቴክሳስ ዓመታት ላልቈጠረ ሰው ነው።

ስለ ሴቶቹ እምብዛም አላልሁም፤ የሴቶቹ ቴኒስ ቀደም ብሎ ስለሚያብብ፣ ኤማ ራዱካኑ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ኒው ዮርክ ላይ እንዳደረገችው ዓይነት ድል ገና ልጆቹን በትምህርት ቤት ሳሉ ስለሚያማልላቸው፣ የኮሌጁ መንገድ ለእነርሱ እንደ ወንዶቹ ያህል አልገነነም። ይሁን እንጂ እዚያ የሚጠብቃቸው ማዕድ የበለጠ ሰፊ ነበር። አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. ባወጣችው የእኩልነት ሕግ ምክንያት ኮሌጆች ለሴቶች ስፖርት የሚገባውን ድርሻ ለመስጠት ስለ ተገደዱ፣ ለብዙ ዓመታት አንድ ታላቅ ኮሌጅ ለሴቶች ቴኒስ ስምንት ሙሉ የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ለወንዶች የተፈቀደው አራት ተኩል ብቻ ነበር። አራት ተኩሉንም አሠልጣኙ እንደ ቍርባን እየቈረሰ ለስምንትና ለአሥር ልጅ ያካፍለዋል።

ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አለ። በታላላቆቹ ኮሌጆች ቴኒስ ራሱን አይችልም፤ የሚያኖረው በአብዛኛው የአሜሪካ እግር ኳስ ከስታዲየምና ከቴሌቪዥን የሚያስገባው ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ወላጆችም ያጕረመርማሉ፤ በአንደኛው ምድብ ከሚሰለፉት ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት የውጭ አገር ልጆች ናቸውና፣ ግብር የሚከፍልበት ዩኒቨርሲቲ የጎረቤቱን ልጅ ትቶ የኤድንበራን ልጅ ሲያስተምር አንድ አባት ቢከፋው አልፈርድበትም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው በስፖርት የትምህርት ዕድል እንዲያገኙ ሲደክሙ የሚገጥማቸው ይኸው ፉክክር ነው። ይህን እያወቅሁ ግን ከአሠልጣኞቹ ጋር እቆማለሁ፤ የቴክሳሱ ልጅ በየቀኑ ከስኮትላንዱና ከስፔኑ ልጅ ጋር ሲጋጠም እርሱም አብሮ ያድጋል፤ ደካማ ማኅበር ውስጥ አንደኛ መሆን ለማንም አልጠቀመም።

አሁን ግን የቤቱ ሥርዓት እየተለወጠ ነው። በ2025 ዓ.ም. በሰኔ ወር አንዲት የአሜሪካ ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት መሠረት ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ገንዘብ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ ሃያ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ነው። የትምህርት ዕድሉ ገደብ ተነሥቶ በምትኩ የቡድን ቍጥር ተወሰነ፤ ለቴኒስ አሥር ሰው። ባለጸጋዎቹ ኮሌጆች ቢፈልጉ አሥሩንም ሙሉ በሙሉ ማስተማር ይችላሉ፤ ይህ በወረቀት ላይ ሲያዩት መልካም ነው። ነገር ግን ያ ሃያ ሚሊዮን የሚሄደው በአብዛኛው ወደ እግር ኳሱና ወደ ቅርጫት ኳሱ ስለ ሆነ፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቈረጠው ማን እንደ ሆነ ከዚህ ቀደም ታይቷል፤ በ2020 ዓ.ም. ወረርሽኙ ገንዘቡን ባሳነሰ ጊዜ የአዮዋና የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች ቴኒስ ቡድኖቻቸውን ለመዝጋት ወስነዋል። በተማሪ ቪዛ የሚኖረው የውጭ አገር ልጅም በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዲያገኝ ለአሜሪካውያን ጓደኞቹ የተከፈተው በር ለእርሱ በአብዛኛው እንደ ተዘጋ ነው።

የብሪታንያ የቴኒስ ማኅበር በበኩሉ በሎፍብራና በስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲዎች ማሠልጠኛ አቋቁሟል፤ ጅምሩን አልንቅም። እዚያ ሐኪም አለ፣ አሠልጣኝ አለ፣ መጽሐፍም አለ። የሌለው በየሳምንቱ መጥቶ የሚፎካከር እኩያ ኮሌጅ፣ ስድስተኛውን ልጅ በስሙ እየጠራ የሚጮኽ ተማሪ፣ ተሸንፎ ሲወጣ ፊቱን የሚያዞርበት ጓደኛ ነው፤ ይህንንም ከዊምብልደን ትርፍ ጥቂቱን መድቦ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን ውድድር እንደ ቁም ነገር ይዞ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ማቋቋም የሚቻል ይመስለኛል። የሎንዶን ሹማምንት ግን እስከ ዛሬ አልቸኰሉም፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያልበሰለው ልጅ ወዴት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ መልሱን በራሱ ወጪ የሚያቀርብላቸው ሌላ አገር ነበራቸውና።