የፍቅር መጽሐፍ የቅንጦት ዕቃ አይደለም

«የፍቅር ልብ ወለድ ለስደተኛ ምን ይረባዋል?» የሚል ጥያቄ በንባብ ክበባችን ውስጥ እየተደጋገመ መጥቷል። ጠያቂዎቹ አሳባቸውን ሲያብራሩ እንዲህ ይላሉ፤ ማታ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ሰዓት ለእንግሊዝኛ ትምህርትና ለማመልከቻ አጻጻፍ ይዋል፤ የፊታውራሪ መሸሻና የልጃቸው ነገር ከዘመኑ ጋር አልፏል፤ የነገ እንጀራው ላልታወቀ ሰው የሁለት ወጣቶች ፍቅር ምኑ ነው? ነገሩ በየጥጉ ከሚንሾካሾክ ይልቅ በገጽ ወጥቶ ቢታይ ይሻላል በማለት ይህን መልስ ጽፌአለሁ።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። ለመምህር እንዲህ ያለ ክርክር ነውር ነው። ማመልከቻም በወጉ መጻፍ አለበት። ግን ለዚህ የሚሆን ሰዓት ቀን ላይ ሞልቶ ተርፏል፤ ከእኛ መካከል ቀኑ የማይረዝምበት ማን ነው? ማታውን ለመውሰድ የቀረበው ምክንያት «ጊዜ ጠበበ» የሚል ቢሆን ኖሮ ተነጋግረን እንስማማ ነበር። የቀረበው ምክንያት ግን «የፍቅር ታሪክ ለተመቸው ሰው የተሠራ ነው» የሚል ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱንም የገዛ ራሳችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይመሰክራል።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ እንውሰድ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ የሚናገረው ጦርነት ስለበተነው ቤተሰብ ነው። አባት ይማረካል፤ ወንድ ልጁ የአባቱን ቤዛ ለመክፈል ወጥቶ በባርነት ይወድቃል፤ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ አገር ላገር ትንከራተታለች። ከዚህ ሁሉ መከራ መካከል ደራሲው ሳቅ ያስገባሉ፤ ወንድ የመሰለቻትን ጦቢያን አንዲት የንጉሥ ዘመድ ትወዳታለች። ምርኮ፣ ፍለጋ፣ መደበቅ፣ ፍቅርና ሳቅ በአንድ መጽሐፍ! ልብ ወለዳችን የተወለደው በእንዲህ ያለ ቤት ነው እንጂ በድሎት አዳራሽ አይደለም።

ጎረቤቶቻችንስ? በሶማልኛ የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠራው የፋራህ አውል መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ሶማልኛ በይፋ የሚጻፍበትን ፊደል ካገኘ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» እንደ ማለት ነው፤ ዘመኑም የደርቪሾች ጦርነት ዘመን ነው። ዓውራላ የምትባል ሴት ለምትወደው ለዓሊማህ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ እርሱ ግን ማንበብ አይችልም። መዘዙ ከዚያ ይጀምራል። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዚህ የተሻለ ቅስቀሳ ማን ሊጽፍ ይችላል? የፍቅር ታሪክ ከትምህርት ሰዓት ይሻማል የሚሉ ወገኖች ይህን ልብ ይበሉ።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በቆምንበት መሬት ላይ አለ። ጅግጅጋ ያር ማለት ትንሿ ጅግጅጋ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ ስትደበደብ ሕዝቧ ወደ እኛ አገር ተሰደደ፤ ከጅግጅጋ ወዲያ ሐርትሼክ በተባለው መጠለያ ዓመታት የገፉ ሰዎች ዛሬ በዚህችው ከተማ ይኖራሉ። በዚያ የጥፋት ጊዜ የሬዲዮ ሐርጌሳን የዘፈን ክሮች ከቦምብ ለማዳን መሬት ቆፍረው የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ከዘፈኖቹም ብዙዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ነበሩ። ከሰማይ እሳት ሲወርድ የፍቅር ዘፈን የሚቀብር ሰው ሞኝ ነውን? አይደለም። እሳቱ ሲያልፍ ሰው ሆኖ መመለስ እንዳለበት አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ተከሰሰው መጽሐፍ እንምጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚወደደው ስለሚያስለቅስ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። የሚያስለቅስ መጽሐፍ ሞልቷል፤ አብዛኛውም በማግስቱ ይረሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያደረጉት ሌላ ነው፤ አስቀድመው ያስቁናል። ዘር ቆጠራ የበዛባቸው ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ባል አጥተው ልጂቱን ቤት ያስቀሯታል። የጠየቅኋቸውን አንሰጥም አሉ ብለው በባላገሮች ላይ ጦር አስከትተው ይዘምቱና ራሳቸው በባላገሮቹ ይማረካሉ። ስቀን ስቀን ሳንጨርስ እናዝንላቸዋለን፤ ሰውየውን እናውቃቸዋለንና። አጎታችን ናቸው፤ የመንደራችን ጭቃ ሹም ናቸው፤ አንዳንዴም ድሮ የነበራቸውን ማዕረግ እየቈጠሩ ውሃ ወረፋ ላይ ቀድመው መቆም የሚፈልጉት የዚሁ የሰፈራችን ሰው ናቸው።

ጉዱ ካሳም እንዲሁ ነው። እውነት ስለተናገረ እብድ የተባለውን ካሳን የማያውቅ መንደር የትኛው ነው? ባሎቿ ስለሞቱባት አግቢ የፈራትን ውድነሽ በጣሙንና ድሀውን ቦጋለ መብራቱንስ? እነዚህን ሁሉ በጨዋታና በፈገግታ ተዋውቀን ከቆየን በኋላ ነው ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ከቤት የምትወጣው። ያን ጊዜ የምንፈራላት የምናውቃት ልጅ ስለሆነች ነው። ተደብቀው መንገድ የወጡ እኅቶቻችን ያ ምዕራፍ ሲነበብ ለምን ዝም እንደሚሉ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ልቅሶው የሚመጣው ከሳቁ በኋላ ነው፤ ሳቁን ያወጣ ሰው ልቅሶውንም አያገኘውም።

መጽሐፉን ከሚከሱት ይልቅ የሚጎዱት ደግሞ አንዳንድ ጠበቆቹ ናቸው። «የባላባቱን ሥርዓት ስላጋለጠ ብቻ ይነበብ» ይላሉ። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። የድርሰቱ ተግባር ባላባትን ማጋለጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአዋጁ ማግስት «ሥራህን ጨርሰሃል» ተብሎ ከመደርደሪያ መውረድ ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሳይቀር ራዲዮኑን ከብቦ ሰማው። ባላባቱ ሄደ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ቀሩ። እውነቱ ከተነገረ መጽሐፉ የሚከብደን ጉዱ ካሳ ሰውነቱን ትቶ ረጅም ስብከት ሲጀምር ነው። ሲቀልድ፣ ሲናደድ፣ ከዘመዶቹ ጋር ሲላከፍ ግን አንድ ቃሉ የስብከቱን አሥር ገጽ ያህላል።

ደራሲውስ መከራ የማያውቁ ሰው ነበሩን? ሐዲስ ዓለማየሁ በጣልያን ወረራ ጊዜ ሲዋጉ ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተጋዙ፤ ዓመታትም በግዞት ቆዩ። የዚያን ዘመን ነገር «ትዝታ» ብለው ያወጡት በ1985 ዓ.ም. ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከ27 ዓመት በፊት በሰው እጅ ገብቶ ነበር። ምርኮ የቀመሰ ሰው ፍቅርና ቀልድ ያለበትን መጽሐፍ አስቀድሞ ከሰጠን፣ ነገሩን ቅንጦት ብለን የምንንቅ እኛ ማን ነን?

የክርክሩ ሥር ግን እዚህ ነው። ስደት ከቤትና ከአገር ሌላ የሚወስድብን ነገር አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ስንቆም ቁጥር እንሆናለን። ሕይወታችሁን ባጭሩ ተናገሩ እንባላለን፤ እኛም የደረሰብንን ብቻ እንናገራለን፤ ማን እንደሆንን የሚጠይቅ የለም። ያንኑ ደጋግመን ስንናገር ቀስ በቀስ እርስ በርሳችንም እንዲያው መተያየት እንጀምራለን። አንዱን «ጉዳዩ ውድቅ የሆነበት» ሌላውን «ጉዳዩ ያለቀለት» ብለን እንጠራለን። ሰውየው ምን እንደሚያስቀው፣ በምን እንደሚኮራ፣ ማንን ወድዶ እንደነበረ አናውቅም። መልካም ማመልከቻ ከሰው የሚፈልገው መከራውን ብቻ ነው። መልካም ልብ ወለድ ግን ኩራቱንም፣ ስንፍናውንም፣ ቀልዱንም፣ ፍቅሩንም ይፈልጋል። ሰውን ሙሉ አድርጎ የማየት ልማድ እንዳይጠፋብን ከማታው ሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት የለንም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። እንግሊዝኛውና ማመልከቻው በቀን ይሰጥ፤ ለማስተማር ፈቃደኛ ነኝ። የማታው ንባብ ከጀመረበት ምዕራፍ ይቀጥል፤ አንባቢውም የሚያስቁትን ቦታዎች «ቶሎ ወደ ፍቅሩ እንድረስ» ብሎ አይዝለል። ንባቡ ሲያልቅ ደግሞ አማርኛ ከሚያውቁት የጅግጅጋ ያር ጎረቤቶቻችን አንዱን ጋብዘን የዓውራላንና የዓሊማህን ታሪክ ያጫውቱን። ሻዩን እኛ እናፍላ። ይህን አሳብ የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው ገጽ ይጻፍ፤ እኛም እናነባለን።