ዓይን በብር ከዓይን በዓይን ይቀድማል

የሕግ አባት የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ነው፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ሕዝብ ኃይለኛው ደካማውን እንደ ዓሣ የሚውጥበት ነበር የሚሉ ሊቃውንት ነን ባዮች አሉ። ይህ የስሕተት ቃል ነው።

ሐሙራቢ የነገሠው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ከእርሱ 300 ዓመት ያህል ቀድሞ ግን፥ ብዙዎች የአብርሃም አገር ናት በሚሏት በሱመር ከተማ በዑር፥ ዑርናሙ የሚባል ንጉሥ ነበረ፤ በስሙም የተጻፈው ሕግ በሸክላ ላይ ተገኝቷል። ያ ሕግ የሰው ዓይን ያጠፋ ግማሽ ምናን ብር ይክፈል ይላል እንጂ ዓይኑ ይውጣ አይልም። ዓይን በዓይን ያለው ኋለኛው ሐሙራቢ ነው፤ ያውም ለእኩያ ነው እንጂ፥ ለባሪያ ዓይን የዋጋው እኩሌታ ይበቃል ብሏል። እንግዲህ ከሁለቱ ጨካኙ ማነው?

ከዑርናሙም በፊት፥ በ24ኛው መቶ ዓመት፥ የላጋሽ ንጉሥ ዑሩካጊና የቤተ ጣዖቱ ካህን ወደ ድኻዪቱ እናት አትክልት ገብቶ ፍሬዋን እንዳይወስድ ከለከለ። ሙት ሲቀበር ሹሙ 7 ማድጋ ጠላና 420 ኅብስት ይቀበል ነበር፤ ንጉሡ 3 ማድጋና 80 ኅብስት አደረገው። (የተዝካር ወጪ የከበደው ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ሳያነበው አይቀርም።) ጽሑፉ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ሱመርን ሕግ አልባ የሚል ሁሉ በፊቱ ቆሞ ይከራከር።