ሁሉን አማረሽን ገበያ አታውጧት

ሰሞኑን የአንድ ልጅ ኮድ ሳይ «ሴሌክት ስታር» በየቦታው ተደርድሯል። «ለምን ሁሉንም ኮለም ትጠራለህ?» ብለው «ዳታቤዙ እንደሆነ ሮውን እንዳለ ነው የሚያነበው፤ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። ይሄን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።

እውነቱ፦ ፖስትግሬስ ዳታ የሚያስቀምጠው በሮው ነው። ከዲስክ የሚያነሳውም 8 ኪሎባይት ገጽ በገጽ እንጂ ኮለም እየመረጠ አይደለም። ስም ብቻ ብትጠይቁም አጠገቡ ያለው የልደት ቀን አብሮ ይነሳል። ክርክሩ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚህ በኋላ ይፈርሳል።

አንደኛ፣ ትልቅ ዳታ ሮው ውስጥ አይቀመጥም። ሮው ከ2 ኪሎባይት ገደማ ሲያልፍ ፖስትግሬስ ትልልቁን ይጨምቃል፤ ካልበቃ ቶስት ወደሚባል ሌላ ቴብል ያወጣዋል። ያንን ኮለም ካልጠራችሁት ወደዚያ አይሄድም። 1,000 ደንበኛ፣ እያንዳንዱ 200 ኪሎባይት የመታወቂያ ፎቶ አለው እንበል። «ስታር» ስትሉ 200 ሜጋባይት ገደማ ይጫናል። ገጹ ላይ የሚታየው ግን ስምና ስልክ ነው!

ሁለተኛ፣ የምትፈልጉት ኮለም ሁሉ ኢንዴክስ ውስጥ ካለ፣ ፖስትግሬስ ከ2012ቱ 9.2 ጀምሮ ዋናውን ቴብል ብዙም ሳይነካ መልስ መስጠት ይችላል። «ስታር» ይሄን በር ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ እንደ ቢግኩዌሪ ያሉት ዳታን በኮለም በኮለም ነው የሚያስቀምጡት። ያልጠራችሁት ኮለም ጭራሽ አይነበብም፤ በተነበበው ልክ በሚያስከፍለው አሠራር ደግሞ ያልጠራችሁትን አትከፍሉም። «ሊሚት 10 አድርጌያለሁ» ማለት በተራ ቴብል ላይ ሂሳቡን አይቀንስም።

«በኤክስፕሌይን አናላይዝ ለካሁት፣ ልዩነት የለውም» የምትሉም አላችሁ። እሱ እኮ ውጤቱን ወደ እናንተ አይልክም! ቶስት ውስጥ ያለውንም ለመላክ ብሎ አያወጣም። ዋናው ወጪ ከሚዛኑ ውጭ ቀርቶ ነው እኩል የመሰላችሁ።

ፍጥነቱን እንኳ ተዉት። ነገ አንድ ሰው እዚያ ቴብል ላይ የፋይዳ ቁጥር ቢጨምር፣ ትናንት የተጻፈው «ስታር» ማንንም ሳይጠይቅ ይዞት ይወጣል። ኤፒአዩ የመጣለትን ሁሉ የሚያስተላልፍ ከሆነ የሰው ምስጢር ስልክ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ስህተት ጻፈ የሚባል ሰው እንኳ አይገኝም፤ ኮዱን ማንም አልነካውማ።

በእጃችሁ ቴብል ስትቃኙ «ስታር» በሉ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ለተጠቃሚ በሚደርስ ኮድ ውስጥ ግን የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩ። ዳታቤዙ የማያስፈልጋችሁን የሚያውቀው ከእናንተ ብቻ ነው። አምስት ስም ለመጻፍ የሰነፍነውን ሂሳብ የሚከፍለው፣ በሞባይል ዳታ ገጹ እስኪከፈት የሚጠብቀው ሰው ነው።