የሶፍትዌር መሣሪያዎች ለኤጀንቶች የሚብራሩበትን መንገድ በተመለከተ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ባሉ ቢሮዎችና ቤቶች ሶፍትዌር የምንሠራ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት የሚከተለውን አቋም ይዘናል፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት የሚጠቀምበት ማንኛውም መሣሪያ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ጥያቄ ተፈትኖ ኤጀንቱን በትክክል መምራቱ ሳይረጋገጥ ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

ኤጀንቱ የመሣሪያውን ኮድ አያይም። የሚያየው ስሙን፣ በጥቂት ዓረፍተ ነገር የተጻፈውን ማብራሪያና እንዲሞላቸው የሚጠየቁትን መረጃዎች ዝርዝር ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው፣ ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ስለዚህ ኮዱ እንከን ባይኖረውም ማብራሪያው ብቻውን ሥራውን ሊያበላሽ ይችላል።

ከአባሎቻችን አንዱ ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ መያዣ ሠርቶ ነበር። ማብራሪያው «ቀንና ሰዓት ተቀብሎ ቀጠሮ ይመዘግባል» ይላል። ለሚያነበው ሰው ጥርት ያለ ነው። አንዲት እናት በነሐሴ መጨረሻ «ለመስከረም 5 ጠዋት 3 ሰዓት ያዙልኝ» ብለው ጻፉ። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 15 ነው፤ ኤጀንቱ ግን ሴፕቴምበር 5፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መዘገባቸው። እሳቸው በቀናቸው ሲመጡ፣ ቀጠሯቸው ከአሥር ቀን በፊት «አልመጡም» ተብሎ ተዘግቶ ጠበቃቸው። አባላችን ቀኑና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሰጥ፣ ደንበኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረም ለውጦ መልሶ ማረጋገጥ እንደሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት፤ ስህተቱ ቆመ። ከኮዱ አንዲት ፊደል አልተነካችም።

እንዲህ ያለው ብዙ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ክፍት ቦታ ለእኛ የአባት ስም ነው ወይስ የአያት? «መጠን» ብቻ ተብሎ ብር ይሁን ሳንቲም ካልተነገረ፣ የ500 ብር ክፍያ 5 ብር ሆኖ ያልፋል። አንዱ ትእዛዝ የሚሰርዝ፣ ሌላው ክፍያ የሚመልስ ሁለት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ቆመው ልዩነታቸው ካልተጻፈ፣ «ተውኩት፣ ይቅርብኝ» ያለ ደንበኛ ምን እንደሚደርስበት አይታወቅም።

ማብራሪያን አንብቦ «ጥሩ ነው» ማለት ምዘና አይደለም። ለሌላ የቋንቋ ሞዴል አስነብቦ ነጥብ ማሰጠትም አይበቃም፤ የክሊኒኩ ማብራሪያ ያንን ፈተና በቀላሉ ያልፍ ነበር። እኛ የምንለው ማብራሪያውን ያልጻፈ ሰው የደንበኞችን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር ይሰብስብ፤ ከፊሉም ከጸሐፊው ይደበቅ። ከዚያ ኮዱ ሳይነካ ማብራሪያው ብቻ እየተቀየረ ያው ጥያቄ ተደጋግሞ ይላክ። ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው ሞዴል ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥምና አንዴ መሳካቱ ማስረጃ አይሆንም። ኤጀንቱ ትክክለኛውን መሣሪያ መምረጡ፣ መረጃውን በአግባቡ መሙላቱ፣ የጎደለ ሲኖር መጠየቁ ይቆጠራል፤ የሚስማማ መሣሪያ ከሌለ እጁን መሰብሰቡም እንዲሁ። ይህን የመጨረሻውን ከሁሉ እናስቀድማለን። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የፈንክሽን ኮሊንግ (መሣሪያ የመጥራት) ደረጃ ሰንጠረዥም ይለካዋል፤ እሱ ግን ሞዴሎችን ያወዳድራል እንጂ የእኛን ማብራሪያ አይመዝንልንም።

ማብራሪያዎች ሁሉ በአማርኛ ይጻፉ አንልም። አብዛኞቹ ሞዴሎች የግእዝን ፊደል ከላቲኑ ይልቅ በብዙ ቁራጭ ስለሚከፋፍሉት፣ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ቦታውም ክፍያውም ይበዛል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያ ፈተናውን ካለፈ ይበቃናል። ፈተናው ግን በአማርኛ ይሁን፤ ያውም ደንበኛው በሚጽፈው አማርኛ፣ «ሰ» እና «ሠ» ሳይለይ፣ በላቲን ፊደል የተከተበውም ሳይቀር።

ማብራሪያን እንደ ደኅንነት ቁልፍ መቁጠርንም እንቃወማለን። በ2017 ዓ.ም. ኢንቫሪያንት ላብስ የተባለው ኩባንያ በመሣሪያ ማብራሪያ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ኤጀንቱ የተጠቃሚውን ፋይል አሳልፎ እንዲሰጥ ሊያደርገው እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ወይም መዝገብ የሚሰርዝ መሣሪያ ገደቡ በኮዱ ውስጥ ይበጅ፤ የመጨረሻውን ፈቃድም ሰው ይስጥ። ከጸደቀ በኋላ የተለወጠ ማብራሪያ እንደ አዲስ መሣሪያ ተቆጥሮ እንደገና ይፈተን።

አባሎቻችን ከዚህ በኋላ ለደንበኛ ከኮዱ ጋር የፈተና ጥያቄዎቹንና ያልተሳኩትን ጨምሮ ውጤቱን ያስረክባሉ። ገዢ መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ በጨረታ ሰነዳቸው ውስጥ እንዲያስገቡ፣ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም በቀን፣ በሰዓት፣ በስምና በገንዘብ ላይ የጋራ የፈተና ጥያቄዎች ስብስብ እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። እስካሁን የሰበሰብናቸውን ጥያቄዎች፣ የሰዎች ስምና ስልክ ቁጥር ወጥቶላቸው፣ ለዚሁ ሥራ ያለ ክፍያ እንሰጣለን።