ከመጠለያ የወጣው የት ደረሰ?

በ2016 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን መጠለያዎች ተፈናቃዮችን ወደ ወለጋ መመለስ ሲጀመር ዜናው ሁሉ ስለተመላሾች ቁጥር ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንዳንዶቹ በጸጥታ ስጋት ዳግም ደብረ ብርሃን መግባታቸው ተሰማ። ስንት ሰው እንደተሳፈረ የሚቆጥር ሞልቷል፤ ስንቱ አርሶ እንደበላ የሚጠይቅ ግን የለም።

ጎጃም ይህን ጉዳይ በዜና ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በ2005 ዓ.ም. ከካማሺ ዞን የተባረሩ አማሮች ፍኖተ ሰላም ተጠልለው ነበር፤ መንግሥት ድርጊቱ ጥፋት ነው ብሎ መለሳቸው። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቦታ ከ100 በላይ ሰው ሲገደል፣ ከመተከል የሸሸው ሕዝብ ቻግኒ ራንች ካምፕን አጨናነቀው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በወለጋ የሆሮ ጉድሩው አሙሩ ሲታመስ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ የገባው ብዙ ነው።

በሸራ ቤት ተጨናንቆ መኖር ይቅር በሚለው ሁላችንም እንስማማለን። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት ግን ለተፈናቃዩ ሦስት መንገድ ይሰጣል፦ ወደ ቀዬው መመለስ፣ ባለበት መኖር ወይም ሌላ ቦታ መስፈር። መራጩም ራሱ ነው። እኛ ዘንድ በጀት የሚያዝለት የመጀመሪያው ብቻ ይመስላል።

“ጎጃም ውስጥ ለራሱ ወጣት የሚበቃ መሬት የት አለ?” የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ሆኖም ባለበት ለሚቀር ሰው ሁሉ ማሳ አይታደልም። የቀበሌ መታወቂያ፣ ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ለእሱም እንደ ቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ ቦታ ሥራ ቢያገኝ ኑሮ ይጀምራል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ውጊያ አስተናጋጁ ጎጃምም ሰላም የለውም። በጥር 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። ከባሕር ዳር ቡሬ የሚወርድ እህል የሚያልፈውም በዚያው መንገድ ነው። ተዋጊዎች ሁሉ ለዕርዳታ መኪና መንገድ መክፈት አለባቸው።

የሚመለሰውም ቢሆን አስቀድሞ ሽማግሌ ልኮ አገሩን ይይ። ጉዞው ከእርሻ ወቅት በፊት ይሁን፤ በሐምሌ የደረሰ ገበሬ ዓመቱ አመለጠው ማለት ነው። በሬና ዘር ይሰጠው፤ የመጀመሪያውን መኸር እስኪሰበስብ ስሙ ከዕርዳታ ስንዴ መዝገብ አይሰረዝ። የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንና ለጋሾችም የመመለሱን ሥራ “ተጠናቀቀ” ብለው ሪፖርት የሚያደርጉት ያን መኸር ካዩ በኋላ ይሁን።