ከትልቁ መስታወት በፊት ትንሹ ገንዳ

በሚቀጥለው ዓመት ለቤተ ሙከራችን የባሕር ዓሣ የሚኖርበት አኳሪየም ሊገዛ መታሰቡን ከወላጆች ኮሚቴ ሰምተናል። በጣም ደስ ብሎናል። ጅቡቲ እየኖርን ባሕሩ ወደ ክፍላችን ቢመጣ ማን ይጠላል? ይሁን እንጂ እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት በዚህ የዓመት መጽሔት አንድ ነገር እንጠይቃለን። ትልቁ መስታወት ከመገዛቱ በፊት ትንሽ፣ ጌጥ የሌለው፣ እንግዳ ሲመጣ የማይታይ ሁለተኛ ገንዳ ይገዛ። ለታመመና አዲስ ለመጣ እንስሳ ለይቶ ማቆያ ይሆናል።

ሐሳቡ የመጣልን ከአንዲት የክበባችን አባል ቤት ነው። እዚያ ባለው አኳሪየም ውስጥ አንድ የባሕር አኒሞኒ ይኖራል። ለታናናሾቻችን ለማስረዳት ያህል፣ አኒሞኒ አበባ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። እግሩን ድንጋይ ላይ አጣብቆ ይቀመጣል፤ በአፉ ዙሪያ ያሉትን ጣት መሳይ ክንዶች ይዘረጋል፤ የነካውን ትንሽ ፍጡር በሚናደፉ ሕዋሳቱ አደንዝዞ ይበላል። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው ባለሁለት ነጭ ቀበቶ ክላውንፊሽ ግን በእነዚሁ ክንዶች መካከል እየተሽሎከለከ ከጠላት ይደበቃል። በአኒሞኒው ሥጋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቡናማ አልጌዎች ይኖራሉ። ከብርሃን ምግብ ሠርተው ለአስተናጋጃቸው ያካፍላሉ። ቀለሙም በአብዛኛው የእነርሱ ነው።

ሙቀቱ ሲበረታ ይህ አኒሞኒ እየነጣ መጣ። ቤቱን የሚጎበኙ እንግዶች «እንዴት አማረ!» ይሉ ነበር። በእውነቱ ግን መንጣቱ ሕመም ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹ ከሥጋው ይወጣሉ፤ እንስሳውም ዋና መጋቢውን ያጣል። ኮራልን የሚያነጣውም ይኸው ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ አፉ ተከፍቶ ቀረ፣ ክንዶቹ ሲነኩ መጣበቅ ተዉ፣ እግሩም ድንጋዩን ለቀቀ። አንድ ጊዜ መሟሸሽ ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ጤነኛውም አኒሞኒ ቆሻሻውን ለማስወጣት ይሟሽሽና መልሶ ይነፋል። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ግን መዘግየት አያስፈልግም።

ከዘመድም ከጎረቤትም የመጣው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ «ባሕሩ እዚሁ አይደል? ወስዳችሁ ጣሉት፣ ከመጣበት ይመለስ።» ምክሩ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ እኛ ግን አጥብቀን እንቃወመዋለን። በመጀመሪያ፣ ከገበያ የተገዛ እንስሳ ከየት ባሕር እንደተያዘ ገዢው ቀርቶ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ከዚያም በላይ፣ የታመመ ነገር ከሌላ አገር ከመጡ ዓሣዎች ጋር በአንድ ውሃ ከከረመ በኋላ ሙሻ ደሴት አጠገብ ሲጣል አብሮት ምን እንደሚሄድ ማን ያውቃል? የእኛ ሠፈር ዓሣ የሆነው ላየንፊሽ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታይቶ በካሪቢያን ሁሉ ተስፋፍቷል፤ ዋነኛው ምክንያት ከአኳሪየም መለቀቁ እንደሆነ ይታመናል። የዚያ አካባቢ ትናንሽ ዓሦች እስከ ዛሬ ይበላሉ። ባሕር የቤታችን ቆሻሻ መጣያ አይደለም፤ የታመመ እንስሳ የሚጣልበትም መሆን የለበትም።

እዚያው መስታወት ውስጥ መተውም አይሆንም። አኒሞኒ ሲሞት ሥጋው ቶሎ ይበሰብሳል፤ ውሃውን በአሞኒያ መርዞ ዓሦቹን ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሚቀረው ለይቶ ማቆየት ነው።

ይህን ቃል ወላጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። በኮቪድ ጊዜ ከጅቡቲ ወደ ሀገር ቤት የተመለሱ ወገኖቻችን ድሬዳዋ ላይ በለይቶ ማቆያ ቆይተዋል። «ኳራንቲን» የሚለው ስም ራሱ አርባ ከሚለው የጣሊያኖች ቃል የተወለደ ነው፤ መርከበኞች ወደብ ከመግባታቸው በፊት አርባ ቀን ይጠብቁ ነበርና። የወደብ ከተማ ልጆች ስለሆንን ይህ ነገር ሩቅ አይመስለንም። ተለይቶ መቀመጥ ቅጣት የሚመስላቸው ሰዎች ያኔም ነበሩ፤ አሁንም አሉ።

በዚያ ቤት የተደረገው እንዲህ ነው። አርባ ሊትር ያህል የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ሣጥን ተዘጋጀ። አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ፣ ቴርሞሜትር፣ የጨው መለኪያና ለእሱ ብቻ የሚያገለግል ማንቆርቆሪያ ተገዛ። ከትልቁ ገንዳ ጋር ምንም ዕቃ አይጋራም። (ድንጋይ ላይ የተጣበቀ አኒሞኒ ከሆነ ጎትቶ ማላቀቅ እግሩን ይቀድደዋል፤ ከነድንጋዩ ማንሳት ይሻላል።) ቀኑን ሙሉ ኤሲ ማብራት ለማንም ቤት ከባድ ነውና በውሃው ላይ ማራገቢያ ተደረገ። ማራገቢያ ያቀዘቅዛል፣ ግን ውሃውን ያተናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በጨው ውሃ ሳይሆን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። አለበለዚያ ገንዳው በየቀኑ እየጨወየ ይሄዳል፤ በእኛ ከተማ ሙቀት ደግሞ ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል።

በየቀኑ ከሣጥኑ ውሃ አብዛኛው ይቀየር ነበር። አዲስ ሣጥን አሞኒያን የሚሰብሩ ባክቴሪያዎች ገና የሉትምና ውሃ ካልተቀየረ በሽተኛው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። አዲሱ ውሃ ከአንድ ቀን በፊት ለባሕር እንስሳት በተዘጋጀ ጨው ይበጠበጣል፤ የወጥ ጨው አይሆንም። መብራቱ ደብዘዝ ተደረገ። አፉ እስኪዘጋ ድረስም ምግብ አልተሰጠውም።

የአባላችን እናት አንድ ቀን ባልዲ ተሸክመው «ልጆቼ፣ ለአንድ የባሕር አበባ ይሄ ሁሉ ድካም?» ብለውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የእኛ መልስ ከስኮትላንድ የመጣ ነው። ሰር ጆን ዳልዬል የሚባሉ ተመራማሪ በ1828 (እ.ኤ.አ.) ከባሕር ዳር አንዲት አኒሞኒ አንሥተው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አኖሯት፤ እርሳቸው ሞተውም ሌሎች ተቀባብለው ያዟት፤ የሞተችው በ1887 ነው። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ፓምፕ፣ ውሃዋ እየተቀየረላት ብቻ ወደ ስድሳ ዓመት ኖረች ማለት ነው። «አያት» የሚል ቅጽል ስምም አውጥተውላት ነበር። እንግዲህ የእኛዎቹ በስድስት ወር የሚሞቱት ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ አይደለም።

ስለ መድኃኒት የክበባችን አቋም ጠንከር ያለ ነው። አንዳንድ አርቢዎች የታመመ አኒሞኒን ሰዎች በሚወስዱት ሲፕሮፍሎክሳሲን ያክማሉ፤ የዳኑላቸውም አሉ። መጠኑን እዚህ ሆን ብለን አልጻፍንም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተገዝቶ ባልዲ ውስጥ የተበጠበጠ አንቲባዮቲክ መጨረሻው ወደ ፍሳሽ መውረጃ ነው፤ እዚያም ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዳሉ። ነገ ታናሽ እህታችን ስትታመም ያው መድኃኒት እንዲሠራላት እንፈልጋለን። የእንስሳት ሐኪም ካላዘዘ አይደረግ፤ ከታዘዘም ውሃው በማጣሪያ ከሰል ሳይጣራ አይደፋ። ለዓሣ ቅማል የሚሸጡ መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች ደግሞ አኒሞኒን ይገድላሉ፤ ብልቃጡን ሳያነቡ መጨመር አይገባም።

በዚያ ቤት መድኃኒት አላስፈለገም። በዘጠነኛው ቀን አፉ ተዘጋ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሣጥኑ ውስጥ የገባለትን ድንጋይ ያዘ። ቡናማ ቀለሙ ግን ገና አልተመለሰም፤ ወራት ይፈልጋል።

ጥያቄያችንን በዝርዝር እናቅርብ። ኮሚቴው ከበጀቱ ላይ ለአንድ አርባ ሊትር ገንዳ፣ ለአየር ፓምፕ፣ ለጨው መለኪያና ለአሞኒያ መመርመሪያ ይመድብልን። ትልቁ መስታወት በዚህ ምክንያት አንድ መጠን ቢያንስም ቅር አይለንም። ማንኛውም አዲስ እንስሳ ቢያንስ አራት ሳምንት በትንሹ ገንዳ ሳይቆይ ወደ ትልቁ አይግባ። ክረምቱን ትምህርት ቤቱ ሲዘጋና ሙቀቱ ሲከፋ ውሃ የሚቀይረው ተረኛ ስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተረኛ ካልተገኘ አኒሞኒ አይገዛ፤ ዓሣው ብቻውን ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከእኛ መካከል አራት ተማሪዎች ለመውሰድ ተመዝግበናል፤ ቀሪዎቹ ሳምንታት ክፍት ናቸው።